ቀለሙን ተዉት፣ ጭራውን እዩ

ከጎንደር ወደ ስሜን ተራሮች የምትወጡ ሰዎች፣ ሳንቃበር ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ የሚንሳፈፈውን ትልቅ ወፍ ሁሉ "ንስር!" አትበሉ። ቀለም አይታመንም፤ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆን ሁሉም ጥቁር ነው። ቅርጹ ግን አይለወጥም። ጭራው አጭር፣ ክንፉ ሰፊ፣ ጭንቅላቱ ላባ ውስጥ የተቀበረ ከመሰለ ጥንብ አንሳ ነው። የንስር ጭንቅላት ወደ ፊት ወጣ ይላል። ጭራው ረጅም ሆኖ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ እንደ ጦር ከሾለ ደግሞ ጢማሙ ጥንብ አንሳ ነው፣ ያ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው ጉደኛ። ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤት ደጃፍ የሚያንዣብበው፣ ጭራው መሐል ላይ ገባ ያለው፣ ጭልፊት ነው። ላባ የሚቀይር ወፍ ግን ጭራው ሊጎድል ስለሚችል፣ ዞሮ እስኪመለስ ጠብቃችሁ ደግማችሁ እዩት።