ለልጆቻችሁ የቤተሰብ ታሪክ ስትነግሩ ምክሩን ተዉት

«እኔ በአንተ ዕድሜ በባዶ እግሬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው!» ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ልጁ አዲስ ጫማ ሲጠይቅ ወይም ምግብ ሲያስተርፍ ነው። ልጁ የሚሰማው ቁጣ እንጂ ታሪክ አይደለም። ታሪኩ ግን ነበረ። መንገዱ በየት በኩል ነው? ከማን ጋር ነበር የሚኬደው? እሾህ ሲወጋ ማን ያወጣል? ወንዙ የሞላ ቀንስ? ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል።

እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግሁት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጆቼ ሳይወለዱ ስላረፈ አያታቸውን የሚያውቁት ከእኔ በሚሰሙት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ከልቤ የሚገደኝ። ሲመከሩበት የማይሰሙትን ታሪክ፣ ዝም ብሎ ሲወራላቸው «ድገሚልን» ይላሉ።

መነሻ ካጣችሁ የልጃችሁን ደብተር ሽፋን እዩ። በእኛ አገር የልጅ ሙሉ ስም የአባቱንና የአያቱን ስም ይይዛል። ልጁ በየዓመቱ በየደብተሩ ላይ የሚጽፈው ሦስተኛው ስም የማን እንደሆነ ያውቃል? ምን ይሠራ ነበር? ሳቁ እንዴት ነበር? ከዚያ ጀምሩ። የእናት ወገን ግን ደብተሩ ላይ የለም። የእኔ አባት ስም ልጆቼ ስም ውስጥ አይገኝም፤ ካልነገርኳቸው በእኔ ያበቃል። ስለዚህ እናቶች፣ የእናንተን ወገን አብልጣችሁ አውሩ። ዘር መቁጠር ጥሩ ነው፤ ግን ስም ብቻውን ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይቆይም።

ሙሉ የሕይወት ታሪክ አትተርኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰው ይበቃል። የእኛ ቤት ልጆች አብዝተው የሚወዱት የቋጠሮውን ታሪክ ነው። በ1969 መጨረሻ የሶማሊያ ጦር ሲገባ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። አባቴ ለሥራ ወጥቶ አዋሽ ላይ ቀረ፤ ቤተሰቡ ድሬዳዋ ነው። አያቴ ዳቦ ቆሎ ጋገረች፣ በአሮጌ ነጠላ ቋጠረችና ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠችው። ሾፌሩ ለሌላ፣ ያ ደግሞ ለሌላ እያቀበለ አዋሽ ደረሰ። አባቴ ቶሎ አልፈታውም። መጀመሪያ ቋጠሮውን አገላብጦ አየው። አያቴ ስትቋጥር የነጠላውን ጫፍ ወደ ውስጥ ነበር የምትሸጉጠው። የእጇ ሥራ መሆኑን አወቀ። ማንም አልነካውም፤ እናቱም በሕይወት አለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብሎ የበላው።

በዚህ ታሪክ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ እናታችሁን አክብሩ» ብዬ አላውቅም። ነጠላ አምጥቼ ቋጠሮውን አሳየኋቸው፣ እጃቸው ለመደው። ትንሹ አሁን የምሳ ዕቃውን ሳይቀር እንደዚያ መቋጠር ይፈልጋል። ለታሪካችሁ የሚነካ ነገር ፈልጉለት፦ ፎቶ፣ ሰፌድ፣ የድሮ መታወቂያ፣ ጀበና። ዕቃው ከሌለ ደግሞ እንቅስቃሴውን አሳዩ።

ሰዓቱን መምረጥም ትልቅ ነገር ነው። «ኑ ተቀመጡ፣ ታሪክ ልንገራችሁ» ከተባለ ልጅ ፈተና የመጣ ይመስለዋል። ተረት «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል መግቢያ አለው፤ የቤተሰብ ታሪክ የለውም፤ በጨዋታ መሃል ሹልክ ብሎ ነው የሚገባው። እኔ የምወደው ሹሩባ ስሠራ ነው። ትልቋ ልጄ ጉልበቴ ሥር ተቀምጣ ፊቷ ወደዚያ ነው፣ የትም አትሄድም፣ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ደግሞ ፊት ለፊት የማትጠይቀውን ትጠይቃለች። ቡና ላይም እንዲሁ ነው። በብዙ ቤት ቡናው ሲቀርብ «ልጆች ወደ ውጭ» ይባላል። አታስወጧቸው። ፈንዲሻውን ያዙሩ፣ ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጡ። ትልልቅ ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ የሚሰማ ልጅ ማንም ሳያስተምረው ብዙ ያውቃል።

ከአያቶች ታሪክ ለመሰብሰብ ከፈለጋችሁ ዓመተ ምህረት አትጠይቁ። «እንጃ ልጄ» ነው መልሱ። ጊዜውን በሚታወቅ ነገር አስጠግታችሁ ጠይቁ። ንጉሡ ነበሩ ወይስ ደርግ ገብቷል? ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በፊት ነው? በ77ቱ ድርቅ እማማ የት ነበሩ? ኢሕአዴግ ሲገባ ስንት ልጅ ነበረዎት? እንዲህ ሲባል ዓመቱ ራሱ ይወጣል። ልጆቹ አጠገባችሁ ካሉ ደግሞ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ያነበቡት ዘመን የአያታቸው ዘመን መሆኑ ይገባቸዋል። የኔዋ ትልቋ ስለ 1966 አብዮት ስታጠና «አያቴ ያኔ የት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ለፈተናው አይረባትም፤ ለእሷ ግን ከፈተናው ይበልጣል።

አሜሪካ አትላንታ ባለው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚለኩ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ነበር። ወላጆችህ የት እንደተዋወቁ ታውቃለህ? አያቶችህ የት እንዳደጉስ? ብዙ የሚያውቁት ልጆች በራሳቸው የሚተማመኑ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ግን መልሱን ማስጠናት ጥቅም እንደሌለው ይናገራሉ። ዋናው አብሮ መቀመጡና ማውራቱ ነው። ሁሌ የድል ታሪክ ብቻ፣ ወይ ሁሌ የመከራ ብቻ አትንገሩ የሚለውንም ምክራቸውን እወደዋለሁ። ወድቀን ነበር፣ ተነሳን፣ እንደገና ወደቅን፣ አብረን ግን ነበርን፤ የአብዛኞቻችን ቤት ታሪክ ይሄው አይደል?

ነግራችሁ ስትጨርሱ ልጁ ራሱ ይንገር። እንግዳ ሲመጣ «የቋጠሮውን ታሪክ ንገራቸው» በሉት። ሲያዛባ ቶሎ አታርሙት። ትንሹ ልጄ ሾፌሩን የወታደር መኪና ሾፌር አድርጎታል፤ ተውኩት፤ ሲያድግ ራሱ ይጠይቃል። አክስቴ ደግሞ «የተላከው ዳቦ ቆሎ ሳይሆን የሽንብራ ቆሎ ነው» ትላለች። ልጆቹ ተማክረው «ድብልቅ ነበር» ብለው ፈረዱ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ታሪክ ቢኖር ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ልጆቹ ሰው እንዴት እንደሚያስታውስ ያዩበታል።

ከባዱን ታሪክ መሸሽ አይቻልም። በቀይ ሽብር ዘመን ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው፣ የእኛም ቤት አለ። ልጅ በሹክሹክታ መስማቱ አይቀርም፤ ያላለቀ ወሬ ደግሞ ያስፈራዋል። «ውጭ አገር ሄደ» አትበሉ፤ ውሸቱ አንድ ቀን ይደርስበታል። ለትንሹ «አጎቴ ከቤት ወጣ፣ አልተመለሰም፣ አያታችሁ ብዙ አለቀሰች» ብያለሁ። ለትልቋ ጊዜውን፣ ማን እንደወሰደው፣ አስከሬኑ አለመገኘቱን ነግሬያታለሁ። የጠየቁትን ያህል መልሱ፣ ካልጠየቁ አታብዙ። ኀዘኑ የራሷ የሆነችው ሰው፣ እናትም ትሁን እህት፣ በሕይወት ካለች አስቀድማችሁ አስፈቅዷት። «እኔ እስካለሁ አይነሳ» ካለች ይከበርላት።

በስልክ ቅዱ። ቪዲዮ አዛውንቶችን ያስጨንቃል፤ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ወሬው ይጠፋባቸዋል። ድምፅ ይሻላል። ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት፣ እየቀዳችሁ መሆኑን ንገሯቸው፣ ከዚያ ስኒው ሲንኳኳም ይግባ። ፋይሉን የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑንና ርእሱን ጽፋችሁ ሰይሙት፣ አለዚያ በኋላ አይገኝም። ስልክ ስለሚጠፋ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ለወንድም ለእህት ላኩት። ውጭ ያሉ ዘመዶች ካሉ ለእነሱም ይድረስ። አማርኛ እየሰሙ በሌላ ቋንቋ የሚመልሱ ልጆች እንኳ የአያታቸውን ድምፅ ይዘው ያድጋሉ።