የመድኃኒት ስህተትን ስታጠኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሆስፒታል ዋርድ ውስጥ የሚፈጠረውን የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ለማጥናት የሚነሱ የፋርማሲና የነርሲንግ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ይህ ደስ ያሰኛል። የሚያስቆጨው የወራት ድካም ገና ፕሮፖዛሉ ላይ በተፈጠረ ጉድለት ሲበላሽ ማየት ነው።

መጠይቅ በትኖ ስህተት መቁጠር

ይህ መቆም አለበት። «ባለፉት 12 ወራት የመድኃኒት ስህተት ሠርተው ያውቃሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ነርስ የሚመልሰው ያስተዋለውን፣ ያስታወሰውንና ለመናገር የደፈረውን ብቻ ነው። አብዛኛው ስህተት ግን ሠሪው ሳያውቀው ያልፋል። ቢያውቀውማ ያርመው ነበር። የስህተት ሪፖርት መዝገብም ከዚህ አይሻልም። ፍሊንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ባሳተሙት ጥናት 2,556 ዶዞችን በሦስት ዘዴ ፈትሸዋል። ከተረጋገጡት 457 ስህተቶች መካከል ነርሷ መድኃኒት ስትሰጥ አጠገቧ ቆሞ መታዘብ 300 አገኘ፤ ቻርት ማገላበጥ 17፤ የሪፖርት መዝገብ ደግሞ 1 ብቻ። ይህን እያወቁ መጠይቅ በትኖ «የስህተት መጠን» የሚል ርዕስ መስጠት አንባቢን ማሳሳት ነው። መጠይቅ ጥሩ የሚሆነው ነርሶች ስህተትን ለምን እንደማያሳውቁ፣ ማንን እንደሚፈሩ ለመጠየቅ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ውይይት ክፍሉ ላይ ይመጣል። ስህተት ሠርቻለሁ ያሉ ነርሶችን መቶኛ፣ ሌላ ሰው በትዝብት ካገኘው የተሳሳቱ ዶዞች መቶኛ ጋር አወዳድሮ «የእኛ ዝቅ ያለ ነው» ይባላል። አንዱ የቆጠረው ሰውን ነው፣ ሌላው ዶዝን።

ታህቱን ሳይወስኑ መውጣት

ታህቱ፣ ማለትም የስህተቱ ብዛት የሚካፈልበት ቁጥር፣ በታዛቢው ፊት የተሰጡት ዶዞች፣ ሲደመር ታዝዘው ያልተሰጡት ነው። ሁለተኛው ከተረሳ የተዘለለ ዶዝ የሚገባበት ቦታ የለም። በአንድ ዶዝ ላይ መጠኑም መንገዱም ቢሳሳት፣ በጠቅላላው መቶኛ ውስጥ ዶዙ አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ የስህተቶቹ ዓይነት በሌላ ሠንጠረዥ ይዘረዘራል። አለዚያ ውጤቱ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል።

384

ከናሙና መጠን ቀመር የምትወጣ፣ ሁላችንም የምናውቃት ቁጥር ናት፤ 10 በመቶ ተጨምሮባት 422 ወይም 423 ትሆናለች። ቀመሩ እያንዳንዱ ናሙና ከሌላው ነጻ ነው ብሎ ይነሳል። አንድ ታካሚ በቀን አምስትና ስድስት ዶዝ ሲወስድ፣ አንዲት ነርስ ደግሞ በፈረቃዋ ሠላሳ ዶዝ ስትሰጥ፣ ዶዞቹ ነጻ አይደሉም። ናሙናውን በዚያ ልክ ማሳደግ፣ ትንተናውንም ይህን የሚቆጥር ባለ ብዙ ደረጃ ሞዴል ማድረግ ያስፈልጋል።

ትእዛዙን አንብቦ ለትዝብት መቆም

«ሴፍትሪያክሶን 1 ግራም» የሚለውን የአንቲባዮቲክ ትእዛዝ ቀድሞ ያነበበ ዓይን 1 ግራም ያያል። መጀመሪያ የታየው ይጻፍ፦ ቫያሉ ላይ ያለው ስምና ጥንካሬ፣ በምን ፈሳሽ በስንት ሚሊ እንደሟሟ፣ ስንት ሚሊ እንደተሳበ፣ በየትኛው መስመር እንደገባ፣ መስጠት የተጀመረበትና ያለቀበት ደቂቃ። ከዋናው ትእዛዝ ጋር ማመሳከሩ ኋላ ይመጣል። «ሴፍትሪያክሶን ተሰጠ» ብቻ ብሎ ያለፈ ታዛቢ፣ መድኃኒቱ ሪንገር ላክቴት የሚባለው የደም ሥር ፈሳሽ በሚወርድበት መስመር መግባቱን አይነግረንም። ሪንገር ላክቴት ካልሲየም ስላለው ከሴፍትሪያክሶን ጋር ሲገናኝ ደለል ሊፈጥር ይችላል፤ ለጨቅላ ሕፃን ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ሰዓት

ካርዱ ላይ 6:00 የሚል ካለ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። አንዱ ንጋት 12 ሰዓት ማለቱ፣ ሌላው እኩለ ቀን ማለቱ ይሆናል። ሳያጣሩ መመዝገብ በሰዓቱ የተሰጠን ዶዝ በስድስት ሰዓት ያዘገየዋል። ከታዘዘበት ሰዓት 60 ደቂቃ መቅደም ወይም መዘግየት ስህተት ነው ብላችሁ ከያዛችሁ፣ ውጤቱን የሰዓት ስህተትን ጨምራችሁም አውጥታችሁም አቅርቡ። የጠዋት ዙር ብቻ አትታዘቡ፤ ሌሊት አንዲት ነርስ ስንት አልጋ እንደምትይዝ ታውቃላችሁ።

ያልነበረን መድኃኒት በነርሷ ማሳበብ

ፋርማሲው ውስጥ አልቆ፣ ቤተሰብ ከውጭ ሊገዛ ሄዶ የቀረ ዶዝ የተዘለለ ዶዝ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ኮድ ይኑረው። ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ የአቅርቦት ችግር «ነርሶች ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» የሚል ምክረ ሐሳብ ሆኖ ይወጣል።

ጉዳትን ከስህተት ማምታታት

ፔኒሲሊን ወስዶ የማያውቅ ሰው ሲሰጠው ሽፍታ ቢወጣበት ጉዳት እንጂ ስህተት አይደለም። አለርጂው ቻርቱ ላይ ተጽፎ እያለ ከተሰጠው፣ ምንም ባይሆንም ስህተት ነው።

ዝም ብሎ ማየት

«ጣልቃ ከገባሁ ዳታው ይበላሻል» የሚል መረጃ ሰብሳቢ ወደ ዋርድ አይግባ። ባለ 15 በመቶ፣ 10 ሚሊ የፖታሺየም ክሎራይድ አምፑል 20 ሚሊሞል ገደማ ይይዛል፤ ሳይበረዝ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል። ታዛቢው የሚያስቆምባቸው ሁኔታዎች ዝርዝር ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሚቀርበው ሰነድ ጋር ይያያዝ። ለነርሷ የሚባለውም አስቀድሞ ይወሰን፦ «ሲስተር፣ ከመስጠትሽ በፊት ትእዛዙን አንድ ላይ እንየው»፤ በዝግታ፣ ከታካሚው አልጋ ፈቀቅ ብሎ። ቅጹ ላይ ስሟ አይጻፍም፤ መለያ ቁጥሯ ይበቃል። ዶዙም ከጥናቱ አይወጣም፦ እንደ ስህተት ይቆጠራል፣ «በታዛቢ የቆመ» የሚለው ሳጥን ምልክት ይደረግበታል፣ ታካሚው ጋ ስላልደረሰ በኤንሲሲ ሜርፕ (የመድኃኒት ስህተት ሪፖርትና መከላከልን የሚመለከት የአሜሪካ ምክር ቤት) የክብደት መለኪያ ምድብ ቢ ውስጥ ይገባል።