የኪሎና የሊትር ዋጋ መደርደሪያ ላይ እንዴት ይጻፋል? ለጅማ ባለሱቆች

«ዘይት 900፣ ፓስታ 65፣ ኦሞ 10» ብሎ የሚለጥፍ ሱቅ ብዙ ነው። ገዢው ግን ከዚህ ብቻ የትኛው እንደሚረክስ አያውቅም። አንዱ ጀሪካን 3 ሊትር ነው፣ ሌላው 5፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የተጻፈው ኪሎ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ያዛል። በአውሮፓ ኅብረት ከዚያም አልፎ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ መመሪያ ከመሸጫ ዋጋው ጎን የአንድ ኪሎ ወይም የአንድ ሊትር ዋጋ እንዲጻፍ አድርጓል። ሄርማታ ያለ ሚኒ ማርኬትም ሆነ የሰፈር ሱቅ ይህንኑ ለመሥራት የስልክ ካልኩሌተርና ማርከር ይበቃዋል።

ስሌቱ አንድ ነው፦ ዋጋውን ለግራሙ ወይም ለሚሊ ሊትሩ ያካፍሉ፣ የመጣውን በ1,000 ያባዙ። ባለ 500 ግራም ፓስታ 65 ብር ከሆነ ኪሎው 130 ብር ነው። (እዚህ ያሉት ዋጋዎች ሁሉ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው።) ባለ 30 ግራም የዱቄት ሳሙና 10 ብር ሲሸጥ ኪሎው 333 ብር ይመጣል፤ የ1 ኪሎው ከረጢት 260 ብር ከሆነ ልዩነቱ 73 ብር ነው። በትንሹ በትንሹ የሚገዛ ተማሪ ይህን ቁጥር ሲያይ ከጓደኛው ጋር አዋጥቶ ትልቁን ሊወስድ ይችላል። ትልቁ ሁሌ ይረክሳል ማለት ግን አይደለም። 3 ሊትሩ ዘይት 900 ብር፣ 1 ሊትሩ 285 ብር በሚሆንበት ቀን ትንሹ በሊትር 15 ብር ይረክሳል።

አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ከሒሳቡ ሳይሆን ከመለኪያው ነው። አንድ መደርደሪያ ላይ ያሉ ተመሳሳይ ዕቃዎች በአንድ መለኪያ ይጻፉ። ለኮረሪማ፣ ለጥቁር አዝሙድና ለሻይ ቅጠል የ100 ግራም ዋጋ ይሻላል፤ ከነዚህ ማን በኪሎ ይገዛል? ነገር ግን አንዱን ሻይ በ100 ግራም፣ አጠገቡ ያለውን በኪሎ ከጻፉ ገዢውን አሳሳቱት። እንቁላል በፍሬ፣ ሶፍት በጥቅል ይጻፋል።

ዘይት ላይ ይጠንቀቁ። 1 ሊትር የምግብ ዘይት ወደ 0.92 ኪሎ ይመዝናል። ጀሪካኑ ላይ «4.5 ኪሎ» ተብሎ ከተጻፈ 4.5ን ለ0.92 ያካፍሉ፤ 4.9 ሊትር ገደማ ነው እንጂ 5 አይደለም። ማር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ 1 ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ስለሚሆን የግማሽ ሊትር ጠርሙስ 700 ግራም ገደማ ይይዛል። የጅማን ማር በጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ግማሽ ሊትሩን ግማሽ ኪሎ ነው ብሎ ካሰላ የራሱን ማር ከእውነተኛው ዋጋ በላይ አስወድዶ ይጽፈዋል። ባዶውን ጠርሙስ መዝነው፣ ሞልተው እንደገና ይመዝኑና ልዩነቱን ይያዙ።

ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ቱና ወይም በቆሎ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ክብደት ይጻፋል፦ ከነፈሳሹና ፈሳሹ ሲወጣ። የሚበላው ሁለተኛው ስለሆነ በሱ ያስሉ። 180 ብር የሚሸጥ ቱና በ160 ግራም ሲሰላ ኪሎው 1,125 ብር ይመስላል፤ ፈሳሹ ወጥቶ 112 ግራም ከቀረ ግን 1,607 ብር ነው።

ቡናን በተመለከተ ጥሬ፣ የተቆላና የተፈጨ ለየብቻ ይለጠፉ። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ኪሎው 500 ብር የገባ ጥሬ ቡና 800 ግራም ሆኖ ከወጣ፣ የተቆላው ኪሎ ገና የማገዶውና የድካሙ ሳይታሰብ 625 ብር ወጥቶበታል። «ጥሬው 500፣ የተቆላው 650፤ ምነው እንዲህ አስወደድከው?» ለሚል ደንበኛ መልሱ ይኸው ነው።

በጣሳና በስኒ የሚሰፈር ነገር ካለዎት ጣሳውን ለእያንዳንዱ እህል ለየብቻ ይመዝኑ። አንድ ጣሳ ሽሮና አንድ ጣሳ ምስር እኩል አይመዝኑም፤ ተቆልሎ የተሞላና አፉ የተጠረገም እንዲሁ። አፉ እየተጠረገ አምስት ጊዜ ሰፍረው ይመዝኑ፣ አማካዩን ይውሰዱ፣ ወረቀቱ ላይ «1 ጣሳ = ይህን ያህል ግራም» ብለው ይጻፉ። ሚዛኑ ላይ ፌስታሉ ወይም ሳህኑ ከተቀመጠ በኋላ ዜሮ ማድረግ አይርሳ። 20 ግራም ሳህን ትንሽ ይመስላል፤ በ100 ግራም ቅመም ላይ ግን አንድ አምስተኛ ነው።

ወረቀቱ ላይ ከላይ የዕቃው ስምና መጠን፣ መሐል በትልቁ የመሸጫ ዋጋ፣ ከሥሩ የኪሎው ወይም የሊትሩ ዋጋ ይሁን። የታችኛው ቁጥር ቆሞ ከሚያነብ ሰው ዓይን ካልደረሰ ባይጻፍ ይሻል ነበር። ጅማ ላይ ስሙ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ቢሆን ጥሩ ነው። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ ሁለቱም ዋጋዎች 15 በመቶውን ያካተቱ ይሁኑ፤ መደርደሪያው 100 ብሎ ማሽኑ 115 ከቆረጠ ጭቅጭቁ ሒሳብ መክፈያው ላይ ይጠብቅዎታል። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ወረቀት ቶሎ ይረጥባል፣ ማርከሩም ይፈሳል። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡት ወይም በሰፊ ስኮች ይሸፍኑት።

አዲስ ካርቶን ሲገባ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ግራሙንም ያንብቡ። ፋብሪካው ዋጋውን ሳይነካ 500 ግራሙን 450 አድርጎት ሊሆን ይችላል። 65 ብሩ 65 ሆኖ ቢቀርም ኪሎው ከ130 ወደ 144 ብር ወጥቷል፤ አሮጌው ወረቀት እንዳለ ከቀረ የዋሸው ፋብሪካው ሳይሆን ሱቁ ይመስላል። የድሮውና የአዲሱ መጠን አብረው መደርደሪያው ላይ ካሉ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል። «ሁለት ሲገዙ አንድ በነጻ» ሲኖርም የሁለቱን ዋጋ ለሦስቱ ጠቅላላ ግራም አካፍለው ይጻፉ፣ ቅናሹ ሲያልቅ ደግሞ ያኔውኑ ያንሱት።

ለውጡን ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ማድረግ ይቀላል። ስም፣ ግራም፣ ዋጋና የኪሎ ዋጋ የሚል ባለ አራት ዓምድ ደብተር ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ ካለ፣ ዋጋ የተነካባቸውን መስመሮች ብቻ አስልቶ ወረቀታቸውን መቀየር ነው። መጀመሪያ ላይ ሱቁን በሙሉ ለመለጠፍ አይሞክሩ። በዘይት፣ በስኳር፣ በፓስታ፣ በሩዝና በሳሙና ይጀምሩ፤ ገዢው ዋጋ የሚያነጻጽረው በብዛት እነዚህ ላይ ነው።