በፖስታ የመጡልኝ ጫጩቶች ለምን ይሞቱብኝ ነበር?

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ አሜሪካ ፖስታ ቤት ከ1918 ጀምሮ የአንድ ቀን ጫጩት ያመላልሳል ብላት እናቴ አታምነኝም። "ዶሮ ደግሞ ደብዳቤ ናት እንዴ?" ትለኛለች። ጫጩቷ ልትፈለፈል ስትል የእንቁላሉን አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባለች። እሱ መንገድ ላይ ያለ መኖና ውሃ እስከ 3 ቀን ያቆያታል።

አምና ካዘዝኳቸው 15 ውስጥ 6ቱ በሁለት ቀን አለቁ። ጫጩቶቹን የላከልኝን የጫጩት ማስፈልፈያ ድርጅት ስረግም ከረምኩ። ጥፋቱ ግን የኔው ነበር፤ የሚያሞቃቸውን አምፖል የሰካሁት ጫጩቶቹን ይዤ ከገባሁ በኋላ ነው። ሰጋቱራውም ውሃውም በረዶ!

ዘንድሮ ብርዱ ሲያልፍ፣ ሜይ ላይ አዘዝኩ። አምፖሉን ከዋዜማው አበራሁ። ቴርሞሜትሩን ወለሉ አጠገብ አድርጌ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ፖስታ ቤቱ ሲደውልልኝ በጠዋት ሄጄ ራሴ አመጣኋቸው። አንድ በአንድ እያነሳሁ ምንቃራቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከር አደረግኩ። መኖ የሰጠኋቸው ሁሉም ከጠጡ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ከቴርሞሜትሩ ይልቅ ያየሁት እነሱኑ ነው። አምፖሉ ስር ከተፋፈጉ በርዷቸዋል፤ ጥግ ጥጉን ከያዙ ሞቋቸዋል።

አንዷ መቀመጫዋ ላይ ኩስ ደርቆባት ነበር። በሞቀ ውሃ በራሰ ጨርቅ አለስልሼ አነሳሁላት። የዘንድሮዎቹ 15ቱም አሉ።