ከንቲባ በምርጫ ዘመቻ ገንዘብ ሲጠየቅ ዜናውን እንዴት እንመርምር

የአንድ ከተማ ከንቲባ በምርጫ ዘመቻው ገንዘብ ምክንያት ምርመራ ተከፈተበት የሚል ዜና ሲሰማ፣ እዚህ አያት አካባቢ ቡና ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት በላ?» የሚል ነው። ጉዳዩን በቅጡ ለመረዳት የሚሻ ሰው ግን ከመጠኑ አስቀድሞ ገንዘቡ በማን ስም እንደገባና በእርግጥ ከማን ኪስ እንደወጣ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ልዩነቱን በእድር መዝገብ ማየት ይቻላል። የእድራችን ሒሳብ ያዥ በነበርሁበት ጊዜ፣ ውዝፍ ያለበት አባል በሊቀ መንበር ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጥ የሚከለክል ደንብ ነበረን። ምርጫው አራት ቀን ሲቀረው የሰባት አባወራዎች ውዝፍ በአንድ ቀን ተከፈለ፤ የደረሰኞቹ ቁጥር ተከታታይ፣ ፊርማውም የአንድ እጅ ይመስል ነበር። ሁለቱን አባወራዎች ስጠይቃቸው መከፈሉን የሰሙት ገና ከእኔ ነበር። ድምሩ ሳንቲም አልጎደለውም። የዘመቻ ለጋሾች ዝርዝር ሲገኝም እንዲሁ በቀን ደርድሮ፣ በአንድ ቀን ከአንድ ድርጅት ሠራተኞች የገባ እኩል መዋጮ መኖሩን ማየት ይገባል። ይህ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ባልደረቦች ተነጋግረው በገዛ ገንዘባቸው ሊያዋጡም ይችላሉና።

የቀድሞው የኒው ዮርክ ከንቲባ የኤሪክ አዳምስ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። በመስከረም 2017 ይፋ በሆነባቸው የፌዴራል ክስ ውስጥ፣ ከውጭ አገር ሰዎች የመጣ ገንዘብ በሌሎች ስም ወደ ዘመቻቸው እንዲገባ አድርገዋል የሚል ይገኝበት ነበር፤ እርሳቸው ክሱን ክደዋል። ስም መዋስ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት የከተማዋን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኒው ዮርክ በድጎማ መርሐ ግብሯ ለሚሳተፍ የከንቲባነት ዕጩ፣ አንድ ነዋሪ በሚሰጠው መዋጮ ላይ እስከ 250 ዶላር ድረስ ስምንት እጥፍ ከሕዝብ ካዝና ትጨምራለች። አንድ ባለሀብት 2,500 ዶላር ለአሥር ሰዎች አከፋፍሎ በስማቸው ቢያስገባ፣ 20,000 ዶላር የግብር ከፋዩ ገንዘብ ሊታከልበት ይችላል ማለት ነው።

ክሱ የደረሰበትን ደረጃ መለየትም ያሻል። በመጋቢት 2017 ዳኛው የአዳምስን ክስ ዳግም እንዳይነሣ አድርገው ዘጉት፤ ይዘጋ ብሎ የጠየቀው ግን የአገሪቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ራሱ ስለነበር ማስረጃው በችሎት አልተመዘነም። ስለሆነም «ጥፋተኛ ናቸው» ማለት ስሕተት ነው፤ «ተከራክረው ነጻ ወጡ» ማለትም እንደዚሁ።

በእኛ ከተማ አሠራሩ ይለያል። የአዲስ አበባን ከንቲባ የሚሰይመው 138 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት እንጂ ነዋሪው በቀጥታ ስላልሆነ፣ መታየት ያለበት በዋናነት የፓርቲው ሒሳብ ነው። (ከአያት አለፍ ብሎ ለገጣፎ የሚኖር ሰው ደግሞ ከንቲባው የሸገር ከተማ፣ ተጠሪነቱም ለኦሮሚያ ክልል መሆኑን ያስታውስ፤ በዚህ የዳር ሰፈር ብዙ ሰው ያምታታዋል።) አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ምንጩ ካልታወቀ አካል ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ሒሳባቸውን አስመርምረው ለብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡም ያዛል።

ይህን ሪፖርት ማየት የሚፈልግ ነዋሪ የመረጃ ነጻነትን በያዘው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የፓርቲውን ስምና የበጀት ዓመቱን ለይቶ ለቦርዱ በጽሑፍ ይጠይቅ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዞ ሄዶ፣ አንዱን መዝገብ ቤት «ገቢ» ብሎ አትሞ ቀንና ቁጥር እንዲጽፍበት አድርጎ ይመለስ፤ መልስ መስጫው በመርሕ ደረጃ 30 ቀን በመሆኑ ያለዚያች ማኅተም ቀኑን ማስቆጠር ያስቸግራል። መልሱ ከዘገየ ወይም ከተከለከለ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ሲል የሚያሳየው ይህንኑ ቅጂ ነው።