ፈቃድ የሚጠየቅበትን የመንገድ ዳር አለት በሰሜን ሸዋ እንዴት መውጣት ይቻላል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጣርማ በር የሚጓዝ ሰው በግራና በቀኝ ጥቁር የባዛልት አለት ያያል። አንዳንዱ ከአስፋልቱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ፣ ቦልት (ገመድ የሚያያዝበት፣ አለቱ ውስጥ የሚተከል ብረት) ተመትቶለት ለስፖርታዊ አለት መውጣት ሲውል ለጀማሪም ለልምድ ያለውም ሰው የሚመች ይመስላል። ይሁን እንጂ አለቱ ትንሽ፣ ቦታውም ጠባብ በመሆኑ የአንድ ቡድን ጥፋት ለሁሉም ሊያዘጋው ይችላል። ስለዚህ ከመውጣት ችሎታው ይልቅ የአገባቡ ሥርዓት ይቀድማል፤ ይህ ጽሑፍም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

ፈቃዱን አስቀድመው ይጨርሱ

በሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም፣ ከአለቱ ሥር ያለው ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ባለይዞታ አርሶ አደር አለው። በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም ጸበል ካለ ደግሞ የአጥቢያው አባቶች ቃል ከማንም በላይ ይከበራል። በመሆኑም መታወቂያዎን ይዘው በመጀመሪያ ወደ ቀበሌ አስተዳደሩ፣ ቀጥሎ ወደ ባለይዞታው፣ ከዚያም ወደ አባቶች ይሂዱ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ሁኔታም በዚያው ይጠይቁ፤ አይመችም ከተባሉ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያስተላልፉ።

ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወደ ጉዳዩ አይግቡ። አዛውንቱን ጋሼ ብለው፣ ካህኑን ይፍቱን አባ ብለው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታደርጉና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ይናገሩ። ገመዱንና መታጠቂያውን (ወጪው ገመዱን የሚያስርበትን የወገብና የጭን ቀበቶ) አውጥቶ ማሳየት በጣም ይጠቅማል፤ ብረት አንጠልጥሎ ገደል ለገደል የሚዞር እንግዳ ማዕድን ፈላጊ ሊመስል ይችላልና። መሰርሰሪያ ግን ይዘው አይሂዱ፤ አዲስ ቦልት መምታት ለመውጣት ከተሰጠው ፈቃድ የተለየ፣ ራሱን የቻለ ስምምነት የሚጠይቅ ነገር ነው።

ገደቡ በወረቀት ላይሰጥዎት ይችላል። «ከጥዱ ወዲያ አትለፉ»፣ «በቦዩ ዳር እንጂ በእርሻው መሐል አትሂዱ» ተብሎ በምልክት ይነገራል፤ እርስዎም ቦታው ድረስ ሄደው በዓይንዎ ይዩትና ለጓደኞችዎ ያሳዩ። የተከለከለውን ግማሽ ለማስፈቀድ አይከራከሩ። የተወሰነ ክፍያ ካለ ከፍለው ደረሰኝ ይቀበሉ።

ቀንና ወቅት ይምረጡ

አለቱ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ እሑድን፣ የታቦቱን ዓመታዊ ንግሥና በየወሩ የሚውለውን ዕለት ይተዉ፤ ለምሳሌ ደብሩ የሚካኤል ከሆነ ወር በገባ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21፣ የጊዮርጊስ ከሆነ በ23 ቀን አይሂዱ። ከጸበል በላይ ያለውን አለት ደግሞ በማንኛውም ቀን አይውጡ።

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ከሁሉ ይመረጣል። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ አለቱ ፀሐይ እስኪያገኘው መጠበቅ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ገጽ ጠዋት ቶሎ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከቆላው የሚነሣው ጉም በተለይ በጣርማ በር በኩል በድንገት ሊሸፍነው ይችላል። የሰሜን ሸዋ ደጋ የበልግ ገብስም የሚዘራበት አገር በመሆኑ በመኸር ወቅት ክፍት የነበረ የእግር መንገድ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቡቃያ በቅሎበት ሊያገኙት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የቀድሞው ፈቃድ አይሠራም፣ እንደገና ይጠይቁ። ንስር ወይም ጥንብ አንሳ አሞራ ጎጆ ሠርቶ ካዩ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ያ የአለቱ ክፍል ዝግ ነው።

መኪናውን አለቱ ሥር አያቁሙ

በዚህ መንገድ ከባድ መኪና ሌት ተቀን ይመላለሳል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ አሽከርካሪው የፊቱን ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ኩርባ ላይ ወይም የአስፋልቱን ጠርዝ ነክቶ ማቆም ክልክል ነው ብለው ይያዙት። በአንድ መኪና ተጠቃልላችሁ ሂዱ፤ ከሁሉ የሚሻለው በቅርቡ ባለችው ከተማ አቁሞ በእግር መሄድ ነው። ገመድ የሚይዘው ሰው አስፋልት ላይ መቆም የለበትም። የሚወድቅ ድንጋይ መንገዱ ላይ ሊያርፍ የሚችልበት የመውጫ መስመር ካለ፣ ምንም ያህል የሚያምር ቢሆን ይተዉት።

ከመውጣትዎ በፊት ወደ ላይ ይመልከቱ

ጭላዳ ዝንጀሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ሌሊት በገደሉ እርከን ላይ ያድራል፣ ጠዋት ሣር ለመጋጥ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ማምሻውን ይመለሳል። መንጋው በገደሉ አፋፍ ሲያልፍ ልቅ ድንጋይ ይወርዳል፤ አንዲት ጡጫ የምታህል ድንጋይ ከ20 ሜትር ስትወርድ የምታደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። እንግዲህ ጭላዳዎቹ ከላይ ካሉ እስኪያልፉ ከአለቱ ሥር ርቀው ይቆዩ፤ አያባርሯቸው፣ ምግብም አይስጧቸው። ሄልሜት ከታች የቆመውም ሰው ያድርግ። ከአፋፉ በላይ ከብት የሚያግድ እረኛ ካለም አስቀድመው ያነጋግሩት።

ባዛልት ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰው ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር፣ ብዙ ጊዜም ተሰነጣጥቆ እንደ ምሰሶ የሚቆም አለት ነው። ጠንካራ ቢሆንም ከዋናው የተለየ ምሰሶ ይኖረዋል፤ በጡጫ ሲመቱት እንደ ባዶ እንስራ የሚያስተጋባውን አይጎትቱ። ቦልቱ ሲነካ የሚወዛወዝ ወይም በዝገት የተበላ ከሆነ ክብደትዎን አይጣሉበት። 60 ሜትር ገመድ የወጣውን ሰው በሰላም የሚያወርደው ቁመቱ ከ30 ሜትር ካነሰ መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ሆኖም የገመዱን ጫፍ ሁልጊዜ ይቋጥሩ። ከመነሣትዎ በፊት እርስዎ የጓደኛዎን፣ ጓደኛዎም የእርስዎን ስምንት ቋጠሮ (ገመዱ ከመታጠቂያው ጋር የሚታሰርበት፣ የ8 ቅርጽ ያለው ቋጠሮ)፣ የመታጠቂያ ዘለበትና የካራቢነር (ገመድ የሚያልፍበት ተከፋች የብረት ቀለበት) መቆለፊያ በእጅ ነክታችሁ አረጋግጡ። ይህን ካላወቁ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሂዱ፤ በጽሑፍ ብቻ የሚለመድ ሥራ አይደለም።

ሲመለሱ

እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀቡት ነጭ የማግኒዝየም ካርቦኔት ዱቄት አለቱን ነጭ ስለሚያደርገው በብሩሽ ያጽዱ፤ ቆሻሻዎን፣ ሌላው የጣለውንም ጭምር፣ ይዘው ይመለሱ። በተባለው ሰዓት ይውጡ፤ ቢዘገዩ እንኳ ደውለው ይንገሩ። ባለይዞታውን ሳይሰናበቱ አይሂዱ። የላላ ቦልት ወይም የተነቃነቀ ድንጋይ ካገኙ የትኛው መስመር፣ ከታች ስንተኛው ቦልት እንደሆነ ጽፈው ቦታውን ለሚንከባከቡት ሰዎች ያሳውቁ፤ ከአለቱ ሥር ከብት የሚያሰማራ ሰው ካለም የድንጋዩን ነገር በዚያው ዕለት በቃል ይንገሩት።