ልጆችን ከህንድ ነገሥታት ጋር በሥዕል መጽሐፍ እንዴት እናስተዋውቅ?

ለልጅ «ህንድን የገዛው የሙጋል መንግሥት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1526 ተመሠረተ» ብላችሁ ጀምሩለት። ገና ሳትጨርሱ ስልካችሁን ይጠይቃችኋል። ያጌጠ ዝሆን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ሥዕል ብትዘረጉለት ግን ጥያቄውን የሚያዥጎደጉደው እሱ ነው። ዝሆኑ ስሙ ማነው? ንጉሡ አይወድቅም?

ይህን ዘዴ ህንዶቹ ነገሥታት ራሳቸው ያውቁታል። የሙጋሉ ንጉሥ አክባር ዙፋን ላይ ሲወጣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ማንበብ አልለመደም ይባላል፤ መጽሐፍ ሲነበብለት ግን አይጠግብም። «ሐምዛናማ» የተባለውን የጀብዱ ታሪክ በ1,400 ገደማ ሥዕሎች አሠራው። ሥራው 15 ዓመት ያህል ፈጅቷል። ሥዕሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ጨርቅ ላይ የተሣሉ። ጽሑፉ ያለው በጀርባቸው ነው። አድማጩ ከፊት ሥዕሉን እያየ፣ ተራኪው ከኋላ እንዲያነብለት ታስቦ እንደተሠራ ይታመናል። እኛም ቤታችን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ብቻ ምረጡ። ከጥንቱ ንጉሥ ከአሾካ ህንድን እስከገዙት እንግሊዞች ድረስ በአንድ ሳምንት ለመጨረስ አትሞክሩ። ለሐበሻ ልጅ እኔ የምመርጠው ማሊክ አምባርን ነው። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ። ከጌታ ወደ ጌታ እየተላለፈ ህንድ ደረሰ። እዚያ ነፃ ወጣ፤ ወታደር ሆነ፤ ጦር መራ። በመጨረሻ ደካን በሚባለው ምድር የአህመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆኖ አገር አስተዳደረ። በ1610 የቆረቆራት ከተማ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች። ውሃ በቦይ ያስገባላትም እሱ ነው። ልጃችሁ «እንደኛ ሐበሻ ነው?» ካለ፣ እዚያም እንደሱ ያሉትን «ሐብሺ» ይሏቸው እንደነበር ንገሩት። ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ።

ቀጥሎ መጽሐፉን ብቻችሁን አንብቡት። የነገሥታት ታሪክ ደም አለበት። ባርነትም አለበት። የትኛው ገጽ ላይ ድምፃችሁን ዝቅ እንደምታደርጉ ቀድማችሁ እወቁ። አሾካን ውሰዱ። ካሊንጋ የተባለውን አገር ወግቶ አሸነፈ። ከዚያ ያስቀረፀው የድንጋይ ጽሑፍ 100,000 ሰው እንደተገደለና 150,000 ሰው ከአገሩ እንደተጋዘ ይናገራል፤ መጸጸቱንም ይናገራል። ለአምስት ዓመት ልጅ ቁጥሩ አያስፈልግም። «አሸነፈ፤ ስንት ሰው እንደሞተ ሲያይ ግን አዘነ፤ ሐዘኑንም ድንጋይ ላይ አስጻፈው» ይበቃል። ለአሥር ዓመት ልጅ ግን ቁጥሩን አትደብቁ።

ስታነቡ ቃል በቃል አትተርጉሙ። የምታገኙት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው፤ ገጹን ለራሳችሁ አንብባችሁ በአማርኛችሁ ተርኩት። መጽሐፉን ወደ ልጁ አዙሩት። ገጹን ለመገልበጥ አትቸኩሉ፤ ልጆች እኛ ያላየነውን ያያሉ፤ ጥግ ላይ ያለች ጦጣ፣ ባዶ እግሩን የቆመ አሽከር። አሽከሩ ማነው ብሎ ከጠየቀ ንጉሡን ትታችሁ ስለ አሽከሩ አውሩ።

አሁን ደግሞ ትልቁ ጉዳይ፦ ተረትና ታሪክ። ብዙ የሥዕል መጽሐፍ ሁለቱን ቀላቅሎ ያቀርባል። ቢርባል የአክባር ባለሟል ነበር፤ የእውነት ሰው ነው። በስሙ የሚነገሩት ቀልዶች ግን ከሞተ በኋላ እየበዙ የመጡ ናቸው። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶችን አስቡ፤ ሰውየው ነበሩ፣ የተባለው ሁሉ ግን የሳቸው አይደለም። የጃንሲዋ ንግሥት ላክሽሚባይም እንዲሁ ናት። እንግሊዞችን ስትወጋ በ1858 መሞቷ ታሪክ ነው። ልጇን ጀርባዋ ላይ አስራ በፈረስ ከምሽጉ ዘለለች የሚለው ግን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ትረካ ነው። መለያው በእጃችን አለ። ተረት የሆነውን «ተረት ተረት» ብላችሁ ጀምሩ፤ እሱም «የላም በረት» ይበላችሁ። ታሪክ ሲሆን ይህን አትበሉ። ጥቂት ቀን ከለመደ በኋላ «ይሄስ ተረት ተረት ነው?» ብሎ ራሱ ያቋርጣችኋል።

ዓመተ ምህረት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ሲባጎ ወጥሩና ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ከታጅ ማሃል አጠገብ የጎንደርን ግንብ አድርጉ፤ የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ለሚስቱ መቃብር ታጅ ማሃልን ሲያሠራ አፄ ፋሲልም ጎንደርን ቆርቁረው ነበር፣ በ1636። በመጻሕፍቱ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆኑ የኛውንም በዚያው ጻፉት፤ አለዚያ ሲባጎው ላይ ይምታታል።

ልጁ ከአሥር ዓመት ካለፈ አንድ ሥዕል አሳዩት። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን የተባለ ሠዓሊ አምባር ይዋጋው ለነበረው ለሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ለጃሃንጊር የሣለው ነው። ጃሃንጊር የምድር ሉል ላይ ቆሟል፤ ቀስቱን ወጥሯል። ዒላማው ጦር ላይ የተሰካ የማሊክ አምባር ራስ ነው። በእውነቱ ግን ጃሃንጊር አምባርን አንድም ቀን አልማረከውም። አምባር እስከሞተበት እስከ 1626 ድረስ እየተዋጋው ኖሯል። ሥዕሉን አስቀድማችሁ አሳዩት፤ ይህንን በኋላ ንገሩት፤ ዝም ብላችሁም ጠብቁ። «ታዲያ ለምን እንዲህ አሣለው?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን አትንገሩት። ወረቀትና ቀለም ስጡትና አምባር የራሱ ሠዓሊ ቢኖረው ያንኑ ጦርነት እንዴት ይሥለው እንደነበር ይሣል።